ጐልማሳ በጭብጨባ አይማርም

ባለፈው ዓመት ለሥራዬ ይጠቅመኛል ብዬ፣ ገንዘብ ከፍዬ፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ የድምፅ ቅንብር ትምህርት ጀመርኩ። ልጆቼ ከተኙ በኋላ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ኮምፒዩተሬን እከፍታለሁ። መምህሩ እስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ያነብልኛል፤ እኔም ማንበብ እንደምችል የነገረው የለም። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይመጣል። ስመልስ ባለቀለም ወረቀት ይበተንና ጭብጨባ ይሰማል። በአራተኛው ሳምንት ተውኩት። «የት ጠፋህ?» ያለኝ ሰው አልነበረም።

ይህን ሳጫውታቸው ሁለት ዓይነት መልስ የሚሰጡኝ አሉ። አንደኞቹ «ሐበሻ ጽናት የለውም» ይላሉ። ኧረ ለመሆኑ ፈረንጁስ? ሐርቫርድና ኤም.አይ.ቲ. ኤዴክስ በተባለው መድረክ የሰጧቸውን ኮርሶች የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። በ2017/18 ከተመዘገቡት የጨረሱት 3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። «ብዙዎቹ ለማየት ያህል የገቡ ናቸው» እንዳይባል፣ ለምስክር ወረቀት ገንዘብ ከከፈሉት እንኳ ግማሽ ያህሉ አልጨረሱም።

ሁለተኞቹ «ትምህርቱን ማራኪ ማድረግ ነው» ባዮች ናቸው። ማራኪ ሲሉ ግን ኮከብ፣ ጨዋታና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማለታቸው ነው። እኔ የምቃወመው ይህንን ነው። የሦስት ልጆች አባት የሆነን ሰው በከረሜላ ማባበል ንቀት እንጂ ማስተማር አይደለም።

ጽናት የለውም የሚባለው ሰው እኮ ዕድሩን ሃያ ዓመት ሳያቋርጥ የሚከፍለው ነው። ዕድር ጭብጨባ ኖሮት ነው? የቀረ ሰው ስሙ ይጠራል፣ ይቀጣል፤ ከታመመም ይጠየቃል። ሰውን የሚያጸናው የሚጠብቀው ሰው መኖሩ ነው።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ግዳጅና የፖለቲካ ስብከት ነበረበትና ያንን መልሱልን አላልኩም። እናቴ ግን እስከ ዛሬ የምታነሣው መጽሐፉን ሳይሆን፣ ስትቀር ደጇን ታንኳኳ የነበረችውን ወጣት አስተማሪዋን ነው።

አሜሪካዊው የጐልማሶች ትምህርት ምሁር ማልኮም ኖውልስ ነገሩን ከ50 ዓመት በፊት ጽፎታል፤ ጐልማሳ ልምዱን ይዞ ይመጣል፣ የሚፈልገውም ዛሬ ለገጠመው ችግር መፍትሔ ነው። ያ መምህር በመጀመሪያው ምሽት «ባለፈው ሳምንት የቀዳኸውን ቃለ መጠይቅ አምጣ፤ የትኛውን ትቆርጣለህ? ለምን?» ቢለኝ ኖሮ እንቅልፌን በረሳሁ። አሥር ሆነን በቴሌግራም ተሰባስበን አንዱ የሌላውን ሥራ ቢሰማ፣ ሁለት ሳምንት ስጠፋ አንድ ሰው ቢደውልልኝ፣ እጨርስ ነበር።

«ሰው መቅጠር ያስወጣል» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ያስወጣል። የቪዲዮ ክምር ግን መጋዘን እንጂ ትምህርት ቤት አይባልም። እኔ የከፈልኩት ለመማር ነበር፤ ጭብጨባውንማ ቤቴ ውስጥ ልጆቼ በነፃ ያጨበጭቡልኛል።