ያለ ጠባሳ ስለተመለሱ ቁስለኞች

ይድረስ ለብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን፤

ክቡራን ሆይ፣ በ2015 ዓ.ም የተቋቋመው ኮሚሽናችሁ ከ371 ሺህ የሚበልጡ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስን ከባድ ሸክም እንደ ተሸከመ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ምም በትግራይ በመጀመሪያው ዙር 75 ሺህ ያህሉን ለማሰናበት ሥራ እንደ ጀመረ ስለማውቅ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለነቀፌታ ሳይሆን ለአንድ ልመና መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ እወዳለሁ።

ታናሽ ወንድሜ በሰሜኑ ጦርነት ሁለት ዓመት ቆይቶ እጅ እግሩን ይዞ ተመልሷል። በየትኛው ወገን እንደ ተሰለፈ አልናገርም፤ ለምናገረው ነገር አይጠቅምምና። በተመለሰ ዕለት መንደሩ እልል አለ፤ ጎረቤቱም ሁሉ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» እያለ ሳመው። ከዚያ ወዲህ ግን ጫማውን ሳያወልቅ፣ ማሰሪያውንም ሳያላላ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ እንደሚተኛ የምናውቅ የቤቱ ሰዎች ብቻ ነን። አንድ የሐምሌ ማታ በረዶ በቆርቆሮው ጣራ ላይ መውረድ ሲጀምር፣ ከመደቡ ተወርውሮ እናታችንን በነጠላዋ ጎትቶ ከመሬት አስተኛትና በላይዋ ተጋደመ፤ በረዶው እስኪያባራም ድረስ ራሷን በክንዱ ሸፍኖ ሳይነቃነቅ ቆየ። እርሷ አልጮኸችም፤ ልቡ በጀርባዋ ላይ ሲመታ እየሰማች የዘወትር ጸሎቷን ታደርስ ነበር። በማግስቱ ቡና ሲፈላ ስለዚህ ነገር ማንም አላነሣም።

ርዳታ አገኝለት ይሆናል ብዬ ስሙን ወደማልጠራው አንድ ጽሕፈት ቤት ይዤው በሄድሁ ጊዜ፣ ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ «የተጎዳው አካል የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀ። ወንድሜም ሁለት እጆቹን አገላብጦ ተመለከታቸውና ወደ እኔ ዞሮ «እንሂድ» አለኝ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ መዝገቡ ለእጅ፣ ለእግር፣ ለዓይን ዐምድ ነበረው፤ ለእንቅልፍ ግን አልነበረውም።

የቀደሙት አባቶች ይህን ነገር አልዘነጉትም ነበር። በአራተኛው ምዕተ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ለአምፊሎክዮስ በጻፈው መልእክት፣ በጦር ሜዳ የገደለውን ወታደር ከነፍሰ ገዳይ ጋራ ባይቆጥረውም፣ ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ይታቀብ ዘንድ መክሯል። ሊቃውንቱ ምን እንደሚሉኝ ባላውቅም፣ እኔ ይህን ቀኖና እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ስንቅ አየዋለሁ፤ ከጦር ሜዳ እስከ መቅደስ ያለው ጎዳና በአንድ ቀን የማይፈጸም መሆኑን የተረዳ አባት፣ ለመንገደኛው የሰጠው ጊዜ ነው። እኛ ግን በ1983 ዓ.ም የደርግ ሠራዊት ሲፈርስ፣ ከ4 መቶ ሺህ የሚበልጠውን ሰው አሰናብተን፣ ለገበሬው በሬና ዘር ሰጥተን ወደ እርሻው መለስነው። ያ ሥራ በብዙዎች ዘንድ ተመስግኗል፤ በሬውም አርሷል። የእነዚያን ሰዎች ሌሊት የሚያውቁት ሚስቶቻቸው ናቸው።

ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ «ነካ አድርጎታል» ብሎ በመጀመሪያ የሚወስደው ወደ ጠበል ነው፤ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ እንጦጦ ማርያም። እኛም ወስደነዋል፤ እዚያ ያገኘውን የነፍስ ዕረፍት አልክድም፤ ከሌሎች ተሰናባቾች ጋራ ሳይነጋገር ተቀምጦ ፀሐይ መሞቁ ብቻ እንኳ ፊቱን መልሶለት ነበር። አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ግን የመጨረሻ በር ሆኖ ይታያል፤ «አማኑኤል ገባ» መባል ለአንድ ጎልማሳ ከእስር የማይተናነስ ነውር ነውና።

ስለዚህ የምለምናችሁ ተሰናባቹ ገንዘቡን ተቀብሎ አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት፣ ጓዶቹ በማይሰሙበት ክፍል፣ አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ አጠገቡ ተቀምጦ «ሌሊት እንዴት ነህ?» ብሎ እንዲጠይቀው ነው። የሚመለሰው ቃል በመዝገብ ይጻፍለት፤ መዝገቡም በመንደሩ አጠገብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይላክለት፤ እዚያም መድኃኒቱ ቢያንስ እንደ ወባ መድኃኒት ሳይቋረጥ ይገኝለት። ከጠበሉ አገልጋዮች ጋራም ተነጋገሩ፤ ጠበሉን የሚጠመቅ ኪኒኑንም ቢውጥ እምነት እንደ ጎደለው አይቁጠሩት። ይህ ሁሉ ወጪ አለው። ነገር ግን በየቤቱ በእናቶችና በሚስቶች የሚከፈል፣ በማንም በጀት ያልተጻፈ ወጪ መኖሩን ከላይ ነግሬአችኋለሁ።

ይህን የምጽፈው በግንቦት መጨረሻ ነው። ክረምቱ ሳይገባ እናታችን የቆርቆሮውን ጣራ በሣር አልብሱልኝ ስላለችን፣ ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሸክም ሣር አስገብተናል፤ ማገሩን ያሰረው ወንድሜ ራሱ ነው፤ ለምን እንደምንከድነው ግን አልጠየቀም።