«አባቱን አይመስልም»፦ ከልብወለድ ወደ ሰፈር የወረደው ቀልድ



በሶዶ ወጣቶች የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ የሚዞረውን ቀልድ ያላየ ያለ አይመስለንም። ከአንድ ልብወለድ ወይም ከአንድ ተከታታይ ድራማ ሁለት ገጸ ባሕርያት ይወሰዱና ጎን ለጎን ይለጠፋሉ፤ ከሥራቸው «እነዚህ ወንድማማቾች ናቸው፣ በኋላ አልነገርከንም እንዳትሉ» ይጻፋል። አንዱ «አባትየው ያ ዘበኛ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሆስፒታል ውስጥ ተቀያይረዋል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የዘር ሐረግ ሥዕል ሠርቶ ሁሉንም የሁሉም አጎት ያደርጋቸዋል። ሳቁ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይቀጥላል። ሱብሒ ላይ የሚጎድለውን ሰው እኛ ከግሩፑ እናውቀዋለን፤ ግን የዛሬው ክርክራችን ስለ ሱብሒ አይደለም።

ልብወለድ ማንበብን ልናወግዝም አልተነሣንም። ያን የሚያደርጉልን ሞልተዋል። «ወጣቱን ያበላሸው ልብወለድ ነው» ብለው ኹጥባውን የሚዘጉ ታላላቆቻችን አንድም መጽሐፍ ገልጠው እንዳላዩ ወጣቱ ያውቃል፤ ስለዚህም አይሰማቸውም። እኛ ገልጠን አይተናል። ወጣቶቹ በስልካቸው በፒዲኤፍ ከሚቀባበሏቸው መካከል የሪክ ሪዮርዳን «ፐርሲ ጃክሰን» አንዱ ነው፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 የወጣ ነው። ልጆቹ የጥንት ግሪክ አማልክት ልጆች ተብለው ቀርበዋል። (የአማልክቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፣ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።) አንባቢዎቹ የሚስቁበት ነገር የገባን ዝምድናውን ስንቆጥር ነው። ፐርሲ የፖሲደን ልጅ ነው። የሚወዳት አናቤት የአቴና ልጅ ናት፤ አቴና የዜውስ ልጅ ናት፤ ዜውስና ፖሲደን ደግሞ ወንድማማቾች ናቸው። እንግዲህ ልጁ የወደዳት የአጎቱን ልጅ ልጅ ነው ማለት ነው! ደራሲው አማልክት ዲኤንኤ የላቸውም የሚል ሰበብ ፈልጎ ነገሩን አለፈው፤ አንባቢው ግን አላለፈውም፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይቀልድበታል። በካሳንድራ ክሌር መጻሕፍት ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 በወጣው በመጀመሪያው ቅጽ የሚዋደዱት ልጅና ልጅት ወንድምና እህት ናችሁ ይባላሉ፤ ውሸት መሆኑ የሚታወቀው ከቅጾች በኋላ ነው። አንባቢው በመሐል ያሉትን ዓመታት ምን ሲያደርግ ኖረ? ሲገምት ነዋ።

በእኛ አገር ይህ ልማድ ቤት ለቤት የገባው በመጽሐፍ ሳይሆን በቴሌቪዥን ነው። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ «ጥቁር ፍቅር»ንና መሰሎቹን በአማርኛ ሲያቀርብ፣ እናቶቻችን ቡና እያፈሉ «ይቺ ልጅ የማን ናት?» ማለት ጀመሩ። የቱርክ ድራማ ያለ ድብቅ አባት አይሄድም። «ፓራምፓርቻ» የተባለው እንዳለ የተሠራው በልደት ቀን በተቀያየሩ ሁለት ሴት ልጆች ላይ ነው።

«ኤርቱግሩልን ብቻ ነው የማየው» የምትለው ወንድሜም አልተረፍክም። በድራማው የኤርቱግሩል አባት ሱለይማን ሻህ ነው፤ የዑስማኒዮች የቆየ ትውፊትም እንዲሁ ይላል። በልጁ በዑስማን ስም በተመታ ሳንቲም ላይ የተገኘው ግን የኤርቱግሩል አባት ጉንዱዝ አልፕ ነው የሚል ነው። ይህን ለአንድ የኤርቱግሩል አፍቃሪ ነግረነው ሁለት ቀን ሰላምታ ነሥቶናል። የሰው ነሰብ ሲነካ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ከዚህ ተማሩ፤ ያውም ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው፣ ያውም የቱርክ ሰው!

ልጆቹ እንዲህ ዓይነት ታሪክ መውደዳቸው አያስደንቀንም፤ የተደበቀ ዝምድና ሰውን ይይዛል። ሱረቱ ዩሱፍን ያነበበ ሁሉ ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ከፊቱ ቆመው ሳያውቁት፣ እርሱ ሲያውቃቸው ልቡ ተሰቅሏል። ሙሳን (ዐለይሂ ሰላም) የፈርዖን ቤት ሞግዚት ቀጥሮ ሲያስጠባ፣ የምታጠባው እናቱ መሆኗን ቤተ መንግሥቱ አያውቅም፤ እኛ አንባቢዎቹ እናውቃለን። አላህ በእንዲህ ያለ ታሪክ አስተምሮን ሳለ፣ ወጣቱ እንዲህ ያለ ታሪክ ወደደ ብለን አንጮኽበትም።

ጠባችን የሚጀምረው ቀልዱ ከመጽሐፉ ወጥቶ ሰፈር ሲገባ ነው።

ገብቷልም። ከእኛ ዘንድ ቁርኣን ከሚቀሩት አንድ ልጅ አለ፤ አጎቱ ነው የሚያሳድገው። ጓደኞቹ የልጁን ፎቶ ከአንድ ሌላ የሰፈር ሰው ፎቶ ጋር አጣብቀው፣ ልክ ገጸ ባሕርያቱን እንደሚያጣብቁት፣ «ቲዎሪያችን ይህ ነው፤ ክፍል ሁለት ይቀጥላል» ብለው ለጠፉት። አርባ ሰው ሳቀበት። ልጁ ሦስት ሳምንት ከሒፍዝ ቀረ። እናቱ ዓረብ አገር ናት፤ ስክሪንሾቱ ከልጇ ድምፅ ቀድሞ እዚያው ደረሳት። ስለጠፉት ልጆች ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ አንድ ነው፦ «ኡስታዝ፣ ቀልድ እኮ ነው።»

እስቲ ይህን ቀልድ ከሰሓቦች ዘመን እንየው። ዐብዱላህ ኢብኑ ሑዛፋ የሚባል ሰሓባ ነበር። ከሰው ጋር በተጣላ ቁጥር ከአባቱ ሌላ ሰው እየጠሩ «የእከሌ ልጅ» ይሉት ነበር። አንድ ቀን ሰዎች ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) በጥያቄ ሲያበዙባቸው እርሱም ተነሥቶ አባቴ ማን ነው አለ። አባቱ ሑዛፋ መሆኑን ነገሩት። ሰውየው ተገላገለ እንበል? ቤት ሲገባ እናቱ ጠበቀችው። በጃሂሊያ ዘመን ሴቶች ይሠሩት የነበረውን እናትህ ሠርታ ቢሆን ኖሮ በሰው ፊት ታዋርዳት ነበርን ብላ ወቀሰችው። ቡኻሪና ሙስሊም ይህን ታሪክ አስፍረውታል። ልብ በሉ፣ መልሱ መልካም ሆኖ እንኳ እናቲቱ ደንግጣለች። «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ቀልድ ሁልጊዜ ልጁን የሚነካ ይመስላል እንጂ የሚወጋው እናቱን ነው። ፎቶ የምታጣብቁ ሁሉ፣ የለጠፋችሁት የአንዲት ሴት ክብር ነው። እርሷ በግሩፑ ውስጥ የለችም፣ መልስም አትሰጥም።

«አባቱን አይመስልም» የሚለው ማስረጃችሁስ? አንድ ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥቶ ሚስቴ ጥቁር ልጅ ወለደች ብሎ ጥርጣሬውን በሽፍንፍን አቀረበ። ግመሎች እንዳሉት፣ ቀለማቸው ምን እንደሆነ ጠየቁት፤ ቀይ ናቸው አለ። በመሐላቸው ግራጫ አለ ወይ ሲሉት፣ አዎ አለ። ያ ከየት መጣ ቢሉት፣ ከሩቅ ዘር ስቦት ይሆናል አለ። ያንተም ልጅ እንዲሁ ይሆናል ብለው መለሱት። ዛሬ በባዮሎጂ ክፍል ከአያትና ከቅድመ አያት የሚወርድ መልክ የምትሉትን፣ ሰውየው ከገዛ ግመሎቹ ተማረ። እናንተ የቲክቶክ ማጣሪያ በሁለት ፊት ላይ ጭናችሁ «ተመሳሰሉ» ትላላችሁ።

ኡሳማን ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ልንረሳው አይገባም። አባቱ ዘይድ ነጣ ያለ፣ እርሱ ጥቁር ነበር፤ እናቱ ኡሙ አይመን፣ በረካ፣ ሐበሻ ናት። ሰዎች በነሰቡ ያንሾካሹኩ ነበር። የእግር ዐዋቂው ሙጀዚዝ አል ሙድሊጂ ሁለቱ ፊታቸውን ሸፍነው፣ እግራቸው ብቻ ወጥቶ ተኝተው አየና፣ ማን እንደሆኑ ሳይነገረው እነዚህ እግሮች አንዱ ከአንዱ ናቸው አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ ተደስተው ፊታቸው እያበራ እናታችን ዓኢሻ ዘንድ ገቡ። ሐሜቱ ምን ያህል ከብዷቸው እንደነበር ከደስታቸው ይታወቃል። የተሐማችው የእኛው አገር ሴት ነበረች።

«ቀልድ ነው፣ በግልጽ አልተሳደብንም» ለምትሉትም ታሪክ አለን። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ሁለት ሰዎች ሲሰዳደቡ አንዱ፣ የእኔ አባት ዝሙተኛ አይደለም፣ እናቴም አይደለችም አለ። ዑመር ሰዎችን አማከሩ። አንዳንዶቹ ወላጆቹን አመሰገነ እንጂ ምን አጠፋ አሉ፤ ሌሎቹ ወላጆቹን የሚያመሰግንበት ሌላ ነገር አጥቶ ነውን አሉ። ዑመር ሰማንያ አስገረፉት። ኢማም ማሊክ በሙወጧእ አስፍረውታል፤ መዝሀባቸውም በዚሁ ላይ ነው። ሌሎች ዑለማዎች በአሽሙር ሐድ አይፈጸምም ብለዋል፤ ኃጢአትነቱን ግን ያነሣ የለም። ጅራፍ እየጠራን እንዳይመስላችሁ። ከሥሩ የሳቅ ምልክት የተደረገበት አሽሙር አሽሙር መሆኑ እንደማይቀር ልንነግራችሁ ነው።

አሁን ደግሞ ፊታችንን ወደ ታላላቆች እናዙር፤ ምክንያቱም ወጣቱን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፣ ፍትሕ ግን አይደለም። ይህ ቀልድ ሶዶ ላይ የሚያቃጥለው ለምንድን ነው? እኛ ስለደበቅን ነው። በየቤታችን በአጎቱ ስም የሚጠራ ልጅ አለ። አያቱን «እማ» እያለ አድጎ እናቱን «እህቴ» የሚል አለ። አባት አዲስ አበባ ሊስትሮ ሊሆን ወጥቶ ቀረ፣ እናት ቤይሩት ወይም ሪያድ ሄደች፣ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የተገኘው ስም ተጻፈ። ከዚያ ዝም። ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ከጎረቤት አፍ፣ ከባሰም ከሚም ይሰማዋል። ቁርኣን በሱረቱል አሕዛብ ልጆችን በአባቶቻቸው ጥሩ ያለው ለዚህ ነው፤ ዘይድ ራሱ ያሳደጉት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሆነው ሳለ የሙሐመድ ልጅ መባሉ ቀርቶ፣ ወደ ወላጅ አባቱ ስም፣ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ ተመለሰ። ማሳደግ ታላቅ ሥራ ነው፤ ስሙን ቀይሮ እውነቱን መቅበር ግን ሌላ ነገር ነው።

አባቱ የማይታወቅስ? አያቱ ዝም ጭጭ ከማለት በፊት የሳሊምን ታሪክ ያንብቡ። ሳሊም ከፋርስ የመጣ ነበር፤ አባቱ አልታወቀም፤ ያሳደገው አቡ ሑዘይፋ ነው። ሙሃጂሮች ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሳይደርሱ ቁባ ላይ ሲሰግዱ ኢማማቸው ይህ ሳሊም ነበር። ቁርኣንን ከአራት ሰዎች ውሰዱ ሲባልም አንዱ እርሱ ነው። ከኋላው ሲሰግዱ ከነበሩት ውስጥ ዑመርም ነበሩ። ስለ አባቱ ቲዎሪ ያወጣ አልተሰማም።

ወላይታ ላይ ይህ ነገር ከቤት ጓዳም ሰፍቷል። አገራችን ልጆችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ መስጠት በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከማቆሟ በፊት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ልጆች ሄደዋል፤ ከወላይታ የሄዱት ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ወረቀት ወላጆቹ ሞተዋል ይላል፤ ወላጁ ግን በሕይወት አለ። እነዚህ ልጆች ዛሬ አድገው እየመጡ ነው። ፎቶ ይዘው፣ የቀበሌ ስም በተሳሳተ ፊደል ጽፈው፣ አማርኛም ወላይትኛም ሳይችሉ ይመጣሉ። ድራማው ላይ «አባትየው ማን ነው?» መዝናኛ ነው። ለእነርሱ ግን የአውሮፕላን ቲኬት የቆረጡበት ጥያቄ ነው።

ነሰብ መጠየቅ ሁሉ ነውር ነው ማለታችንም አይደለም። ወላይታ በጥንቱ ልማድ ጎሳዎቹን ማላና ዶጋላ ብሎ ለሁለት ከፍሎ፣ ከራስ ወገን ማግባትን ሲከለክል የኖረ ሕዝብ ነው፤ «ከየትኛው ጎሳ ነህ?» የሚለው የሽማግሌ ጥያቄ ከዚያ የመጣ ነው። በእኛም ዘንድ ከኒካሕ በፊት የጡት ዝምድና ይጠየቃል። ዑቅባ ኢብኑል ሓሪስ ካገባ በኋላ አንዲት ሴት መጥታ ሁለታችሁንም አጥብቻለሁ ስላለችው ከመካ መዲና ድረስ ለጥያቄ ሄዷል፤ ከሚስቱም ተለያይቷል። እንግዲህ ግምት ካማራችሁ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ልጅ በምታጠባባት በዚች ከተማ ማን ማንን እንዳጠባ እናቶቻችሁን ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ዋጋ አለው፤ የሚጠየቀውም በጓዳ ነው፣ ከራሷ ካጠባችው ሴት፣ ጋብቻ ሳይታሰር።

ስለ ፐርሲ የአጎት ልጅ ልጅ ከፈለጋችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሳቁ፤ ለእርሱ የምታለቅስ እናት የለችም። የልጁን ፎቶ የለጠፋችሁ ግን አጥፉት፤ ግሩፑ ውስጥ የሳቃችሁትም እዚያው ግሩፑ ውስጥ፣ አርባው ሰው ባየበት ይቅርታ ጠይቁት። በውስጥ መስመር የተላከ ይቅርታ በአደባባይ የተሳቀውን አያነሣም። ፎቶ ይዞ መስጊዳችን በር ላይ የሚቆም እንግዳ ከመጣም ቪዲዮ አትቅረጹት። የቀበሌውን ስም ጠይቁትና በዚያ ቀበሌ ረጅም ዘመን የኖሩትን እናቶች ፈልጋችሁ አገናኙት፤ የሚያስተረጉም ወላይትኛ ተናጋሪ ከመካከላችሁ አይጠፋም።