ስለ ጡንቻ መቋጠርና ስለ መፍቻው

የሰው ሕመም በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በአልጋ ላይ አውሎ ሐኪምና ጠያቂ የሚያስጠራ ነው፤ ሁለተኛው ግን ባለቤቱ ቆሞ እየሄደ፥ ሥራውንም እየሠራ፥ በስውር የሚያሠቃየው ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው፤ ይኸውም በማጅራት፥ በትከሻና በወገብ ላይ በጣት ሲዳሰስ እንደ ባቄላ ፍሬ ጠንክሮ የሚገኘው የጡንቻ ቋጠሮ ነው። ሕዝባችን «አንገቴን ያዘኝ»፥ «ወገቤን ያዘኝ» እያለ ያማርራል፤ ብዙውን ጊዜም ብርድ መታኝ ብሎ ያልፈዋል።

በአራዳ የኖረ ሰው ይህን ሕመም ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከጉልበቱ ላይ ብራና ዘርግቶ የሚጽፈው ቁም ጸሐፊ፥ በመኪናው ላይ ያጎነበሰው ልብስ ሰፊ፥ ከመዝገብ ላይ ዓይኑን የማያነሣው የመሥሪያ ቤት ሹም፥ ዛሬም በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚውለው ወጣት፥ ሁሉም የዚህ ሕመም ጓደኞች ናቸው።

የፒያሳ ከፊሉ በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት በዚያ ሲሠራ የኖረ አንድ ወርቅ ሠሪ ወዳጅ አለን። ይህ ሰው ከቀኝ ዓይኑ በላይ በሚነሣ የራስ ሕመም ለወራት ተሠቃየ። ዓይኔ ደክሞ ነው ብሎ መነጽሩን ሁለት ጊዜ ለወጠ፤ የሕመም ማስታገሻ ክኒንም ጨጓራው እስኪታመም ድረስ ዋጠ። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ዝም ስለሚልና በጥቂቱ ስለሚቈጣ ሚስቱና ልጆቹ ጠባዩ የተለወጠ መሰላቸው። በመጨረሻ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለውን ጡንቻ በጣቱ ቢጫነው፥ ያው የራስ ሕመም በዚያው በዓይኑ በላይ ተነሣ። ሕመሙ የሚጮኸው ከራሱ፥ ምንጩ ግን ከትከሻው ኖሯል።

ይህም ነገር እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ አገር ጃኔት ትራቬል የተባሉ ሴት ሐኪም ብዙ ዘመን ስለዚህ ነገር መርምረዋል። ከባልደረባቸው ከዴቪድ ሲሞንስ ጋራ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ቋጠሮው የሚገኝበት ስፍራና ሕመሙ የሚሰማበት ስፍራ ብዙ ጊዜ የተለያዩ መሆናቸውን በሥዕል አሳይተዋል። ወገባቸውን ይታመሙ የነበሩት ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በ1961 እ.ኤ.አ. የቤተ መንግሥት ሐኪማቸው ያደረጓቸው እኒህን ሴት ነበር። የሚወዛወዝ ወንበር እንዲጠቀሙ የመከሯቸውም፥ ሰውነት በአንድ አቀማመጥ ደርቆ እንዳይቀር ብለው ነው።

የቋጠሮው አመጣጥ በዝርዝሩ ሊቃውንትን ገና ያከራክራል፤ ዋናው ግን ለመረዳት አያስቸግርም። የሰው ራስ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እንስራ በጀርባ ሲታዘል እንደሚቀል፥ በተዘረጋ እጅ ሲያዝ ግን እንደሚከብድ፥ ራስም ወደ ፊት በተደፋ መጠን ለማጅራት ጡንቻ ይከብዳል። ጡንቻውም ያለ ዕረፍት ሲሳብ ከፊሉ ተኰማትሮ ይቀራል፤ በተኰማተረውም ስፍራ ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፤ ሕመምና መድረቅም ይከተላል።

እንግዲህ ይህ ቋጠሮ ውሉ እንደ ጠፋ ልቃቂት ነው፤ በኀይል የጐተተው ያጠብቀዋል፥ በትዕግሥት የፈለገው ግን ይፈታዋል። በቤት ሊደረግ የሚገባው የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ማሞቅ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቈረቈር ወደ ሜዳው የሳባቸው ፍል ውሃ፥ ለዚህ ሕመም የቆየ ማስታገሻ ነው። ፍል ውሃ መውረድ ያልተመቸው ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ፥ በፎጣ ጠቅሎ፥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከታመመው ስፍራ ላይ ያኑር፤ ቆዳ እንዳይቃጠል ግን ይጠንቀቅ።

በሁለተኛው መጫን ነው። ቋጠሮውን በአውራ ጣት ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ጸንቶ በቀስታ መጫን፥ ጥቂት ማረፍ፥ ደግሞም መድገም ይበቃል። እጅ ለማይደርስበት የጀርባ ስፍራ ትንሽ ኳስ በግድግዳና በጀርባ መካከል አድርጎ መደገፍ ነው። ትንፋሽ እስኪያስይዝ መጫን፥ የአከርካሪን አጥንትና የአንገትን ፊት መነካካት ግን አይገባም።

በሦስተኛው ጡንቻውን በዝግታ መሳብ፥ ከሁሉም ይልቅ ምክንያቱን ማስወገድ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ከመቀመጫ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ፥ የሚነበበውንም ወደ ዓይን ከፍ ማድረግ ከብዙ ክኒን ይሻላል።

የወጌሻ እጅ በአገራችን የተከበረ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ቅቤ ቀብቶ በልኩ የሚያሽ ሰው ብዙ ይረዳል። ነገር ግን አንገትን በድንገት የሚጠመዝዝ፥ ወይም የተሰበረን እጅና እግር ደም እስኪያግድ አጥብቆ የሚያስር፥ ከሕመሙ የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ቋጠሮ ያልሆነውንም ለይቶ ማወቅ ያሻል። ሕመሙ ከትኩሳት ወይም ከመክሳት ጋራ ቢመጣ፥ እጅ ወይም እግር ቢደነዝዝና ቢዝል፥ ሽንት አልያዝ ቢል፥ ከመውደቅ በኋላ ቢነሣ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ደረት ተጨንቆ ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ቢሄድ የልብ ሊሆን ስለሚችል፥ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቈይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። አንድ ባት ብቻ አብጦ ቢሞቅና ቢያምም ደግሞ ከቶ አይታሽ፤ በደም ሥር የረጋ ደም ካለ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና።

ወዳጃችን ወርቅ ሠሪው ዛሬ የመሥሪያ ጠረጴዛውን ከፍ አድርጓል፤ ሲመሽም ታላቂቱ ልጁ ትከሻውን በአውራ ጣቷ ትይዝለታለች። ሕመሙ ጨርሶ አልተወውም፤ ነገር ግን ሲመጣ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፤ ቤተ ሰቡም ዝምታውን እንደ ቍጣ መቍጠር ትተዋል። ስለዚህ በቤታችን ፊቱ የጠቈረብን ሰው ቢኖር፥ ምን አስቀየመህ ከማለታችን አስቀድሞ የቱን ያምሃል ብለን መጠየቅ ይገባናል።