ይዘገያል እንጂ አይቀርም?

የዛሬው ደብዳቤ የደረሰን ከአንዲት የ26 ዓመት እህታችን ነው። ስሟን እንደተለመደው ትተነዋል። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦

«ተወልጄ ያደግኩት አዋሽ 7 ኪሎ ነው። እናቴ ባቡር ጣቢያው ላይ ሻይና የተቀቀለ እንቁላል እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። አሁን አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የምወደው ልጅ ወደብ ልሥራ ብሎ ጅቡቲ ከሄደ አራት ዓመቱ። በደወለ ቁጥር ‹ጠብቂኝ፣ እመጣለሁ› ይለኛል፤ ‹መቼ?› ስለው ግን ይቆጣል። በዚህ መሃል አንድ ጥሩ ሰው ለትዳር ጠየቀኝ። እናቴን ባማክራት ‹ባቡር ይዘገያል እንጂ አይቀርም፣ ታገሺ› አለችኝ። ልጠብቅ ወይስ ተስፋ ልቁረጥ? ጨንቆኛል።»

እህቴ፣ እናትሽ ከኖሩበት ነው የተናገሩት። ምድር ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ነበር አዲስ አበባ የሚደርሰው። ጣቢያው አጠገብ ያለው «ቡፌ» የሚባለው ሆቴልም የዚያ ዘመን መንገደኛ ማደሪያ ነው። በኋላ በናፍጣ የሚሄደው ባቡር መጥቶ ጉዞው ቢያጥርም የአዋሽ ኑሮ ከባቡሩ ጡሩምባ አልተላቀቀም። ባቡሩ ሲደርስ ሻጩ በየመስኮቱ ይሯሯጣል፣ ሲሄድ ከተማው ጭር ይላል። ቢዘገይ ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ መምጣቱን የሚጠራጠር የለም። በጥር 1977 ዓ.ም እዚያው አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ካለቀ በኋላ እንኳን ባቡሩ ተመልሶ መጥቷል። ታዲያ ይህን ሲሰማ የኖረ ሰው «አይቀርም» ቢል ይፈረድበታል?

ግን እኮ ቀረ! ሐዲዱም ባቡሩም አርጅቶ በ2000 ዓ.ም አካባቢ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ ቆመ። አንቺ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርሽ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ከዚያ በኋላ ምን በልተሽ አደግሽ? እናትሽ ባዶው ሐዲድ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁ? ወይስ ቴርሞሳቸውን ይዘው መኪና ወደሚቆምበት አስፋልት ወጡ? በደብዳቤሽ አልጻፍሽውም። ጠይቂያቸው። ትልቁ ምክራቸው እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

«ባቡሩስ ተመልሶ የለ?» ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ፤ የኤሌክትሪኩ ባቡር በ2009 ዓ.ም ተመርቆ በ2010 ዓ.ም መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። የመጣው ግን በራሱ አዲስ ሐዲድ ነው፤ የአዲስ አበባ ጣቢያውም ለገሃር ሳይሆን ፉሪ ለቡ ነው። በድሮው ጣቢያ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሰው ቢኖር አያገኘውም። ሰውም እንዲሁ ነው። ያ ልጅ ቢመለስ እንኳ እንደ ድሮው ሆኖ ላይመለስ ይችላል። አንቺም ብትሆኚ የዛሬ አራት ዓመቷ ልጅ አይደለሽም።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። አንደኛ፣ የዘገየውን ከቀረው ለይ። የዘገየ ባቡር የት እንደደረሰ ይታወቃል፤ የጣቢያው ሹም ስልክ ደውሎ «ሚኤሶን አልፏል» ይልሻል። ልጁም በእርግጥ እየመጣ ከሆነ የት እንደደረሰ መናገር አያቅተውም። ምን አጠራቀመ? በየትኛው ወር ይመጣል? ሽማግሌ መቼ ይልካል? ሳትጣዪ፣ ረጋ ብለሽ ጠይቂው። አሁንም ቀን ሳይነግርሽ ከተቆጣ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

ሁለተኛ፣ ለትዳር የጠየቀሽን ሰው አታንጠልጥይው። ያለውን ነገር በግልጽ ነግረሽ የተወሰነ ጊዜ ለምኚው። ጥሩ ሰው ካልሽው ይረዳሻል። በእልህ ተነሳስተሽ ግን ነገውኑ እሺ እንዳትዪ! ባቡር ቀረ ተብሎ የተገኘው መኪና ላይ ዘሎ አይወጣም፤ ሾፌሩ መጀመሪያ «ወዴት ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል።

እናንተስ አንባቢያን፣ ምን ትመክሯታላችሁ? ጻፉልን። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።