ካሴቱን ከመክፈታችሁ በፊት

እኔ የሰነበትኩት ደብረ ሲና፣ ታላቅ እህቴ ቤት ነው። ጉሙ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ግቢውን በሸፈነበት ጠዋት፣ የአሥራ ሦስት ዓመቱ የልጅ ልጇ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ ካቻቢቴ፣ በሌላው ሐምራዊ ቀፎ ያላት አሮጌ የእጅ ጌም ይዞ አገኘሁት።

ጌሟን አውቃታለሁ። ጌም ቦይ ከለር ትባላለች፤ የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣት ናት። እኛ ቤት የገባችው በ1992 ዓ.ም. ግድም ሲሆን፣ አሜሪካ ያለች ዘመዳችን ለእህቴ የመጀመሪያ ልጅ የላከችለት ነች። ያ ልጅ ዛሬ በሕይወት የለም። ከአዲስ አበባ ይዤው ስመጣ አውቶቡሱ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ውስጥ ሲገባ «ጋሼ፣ ጠፋብኝ!» ብሎ ይጮህ ነበር። ስክሪኗ የራሱ መብራት ስለሌለው የፀሐይ ወይም የአምፖል ብርሃን ካላገኘ አይታይም። ከዋሻው ስንወጣ ደግሞ ተሸንፎ ያገኘዋል።

የአሁኑ ልጅ ሊያደርግ የፈለገው ይህንኑ መለወጥ ነው። በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች አሮጌ የእጅ ጌም ገዝተው ያጸዳሉ፤ ደብዛዛውን ስክሪን አውጥተው ከኋላው መብራት ያለው አዲስ ይገጥማሉ፤ ቀፎና ቁልፎቹንም ይቀይራሉ። እናቱ «ደግሞ ሌላ ጌም!» ብላ ተቆጥታለች። እኔ ግን ስልክ ላይ አቀርቅሮ ከመዋል ይልቅ ብሎን ፈትቶ ውስጡን የሚያይ ልጅ ደስ ይለኛል። የእኛ አገር ልጆች ለዚህ አያንሱም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ልጆች ያለ አስተማሪ ታብሌት ሰጥቶ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው እንደከፈቱት ፕሮጀክቱን የመሩት ሰዎች ተናግረዋል።

ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ልጀምር ካለ፣ ሥራው ከጽዳት ይጀምር። አሮጌ ጌም የሚያበላሸው በብዛት ውስጡ ተረስቶ የቀረ የባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲፈስ ማቀፊያው ብረት ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይተዋል። የፈሰሰው አልካላይን ከሆነ በጥጥ ጫፍ ጥቂት አቼቶ ነክሮ መጥረግ፣ ከዚያ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ማጽዳትና ደህና አድርጎ ማድረቅ ነው። ካሴቱ ካልነበበም የሚሰካበትን ወርቃማ ጥርስ በዚያው አልኮል መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በአፍ «እፍ» ማለት ትንፋሹ እርጥበት ስላለው ውሎ አድሮ ጉዳት ነው፤ እኛም ስንል የኖርነው እሱን ነበር!

የውጪዎቹ ብሎኖች ባለ ሦስት ክንፍ ስለሆኑ ተራ ካቻቢቴ ጭንቅላታቸውን ይበላዋል። ትክክለኛውን ካቻቢቴም ሆነ አዲሱን ስክሪን ከውጭ የሚመጣ ሰው ቢያመጣላችሁ ይሻላል። አንዳንዱ ስክሪን ያለ ብየዳ ይገጠማል፤ ለጀማሪ የሚመከረው እሱ ነው። መብራት ያለው ስክሪን ድንጋይ ቶሎ እንደሚጨርስ ግን እወቁት። ብየዳ ካስፈለገ ትልቅ ሰው አጠገቡ ይሁን፣ መስኮት ይከፈት፣ ሲጨርስም እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የመበየጃው ሽቦ እርሳስ ሊኖረው ይችላል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ሳንቲም የምታህለውን ክብ ባትሪ ነው። ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮው ውስጥ ተቀርቅራ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች። ቤት ውስጥ ታናናሾች ካሉ የተቀየረችውም፣ አዲሷም ተቆልፎባት ትቀመጥ። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

የእኛም ነገር የመጣው በዚህችው ባትሪ ነው። በብዙ የዚያ ዘመን ካሴቶች ውስጥ ተጫዋቹ የደረሰበትን የምታስታውሰው እሷ ናት። ልጁ ባትሪዋ ማርጀቷን ስለሚያውቅ ካሴቱን ከፍቶ ሊቀይራት ተነሥቶ ነበር። ከተማው ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግን ሽማግሌ ዘንድ ይዞት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። ሰውየው መበየጃውን ሳያግል «መጀመሪያ ክፈትና አሳየኝ፤ ውስጡ ምን አለ?» አለው።

ሁለት ድንጋይ አስገብተን አበራናት። ፖኬሞን ነው። «ቀጥል» የሚለውን ሲነካ የተጫዋቹ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ወጣ፤ የአጎቱ ስም። ከሥሩ የተጫወተበት ጊዜ ተጽፏል፤ 61 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ልጁ ዝም አለ። ሽማግሌው «ባትሪዋን ካነሣሁ ይኼ ይጠፋል» አለና ካሴቱን መለሰለት።

ማታ ለእህቴ አሳየናት። መነጽሯን አድርጋ ወደ አምፖሉ አስጠግታ ስሙን አነበበች።

«ስንት ሰዓት ነው ያልከው?»

«ስድሳ አንድ፣ እማማ።»

«እኔ ደግሞ ‹ተው፣ አጥና› እያልኩ ስቀማው» አለች፤ ቀጥላም ምንም አልተናገረች።

መላ አለው። ካሴቱን ከኮምፒውተር ጋር የምታገናኝ ትንሽ ማንበቢያ አለች፤ በካሴቱ የተቀመጠውን ትገለብጣለች፣ ባትሪው ከተቀየረ በኋላም መልሳ ትጽፋለች። አሜሪካ ላለችው ዘመዳችን ደውለን በሚመጣ ሰው እንድትልክልን ነግረናታል። እስከዚያ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሥተናል። ሽማግሌው ደግሞ ልጁ እጁን እንዲፈታ የሞተ ሬዲዮ ሰጥቶታል፤ በረንዳው በብሎን ተሞልቷል።

ስመለስ እህቴ ቆሎ ቋጥራልኝ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ «ባትሪዋ እስኪመጣ ትቆይልን ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሃያ ዓመት አልፏታል፣ እትዬ» አልኳት።