ሰዓቱ የቆመው በማን ጥፋት ነው?

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለእኛ ትውልድ የተተረተ ይመስለናል። ቅርስ አለን እንላለን፤ የት አለ ሲባል ቡፌ ውስጥ ነው። የአባት ዕቃ አለን እንላለን፤ የት አለ ሲባል በመሐረብ ተጠቅልሎ ሣጥን ሥር ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ሐውልቶቹና ስለ ብራናዎቹ አናወራም፤ ስለ እነሱ የሚያወራ ሞልቷል። የምናወራው ስለ አንድ የእጅ ሰዓት ነው። «ይሄም ርእስ ሆኖ!» የሚል ጓደኛ ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠን።

አያታችን መምህር ነበሩ። ሰዓቱን የገዙት በ1960ዎቹ መጨረሻ ዕቁብ ሲደርሳቸው ነው፤ ሴኮ ፋይቭ። የጃፓኑ ሴኮ ይህን ዓይነት ሰዓት ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ «አምስት» የተባለውም አምስት ነገር ስለሚያሟላ ነው፦ በራሱ ይሞላል፤ ዕለቱንና ቀኑን በአንድ መስኮት ያሳያል፤ ውሃ ይችላል፤ ቁልፉ አራት ቁጥር አጠገብ ገባ ብሎ ተወሽቋል፤ አካሉና ማሰሪያው ጠንካራ ነው። ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። ውስጡ ግማሽ ክብ የሆነ ብረት አለ፤ ያሰረው ሰው እጁን ባወዛወዘ ቁጥር ያ ብረት እየዞረ ሞላውን ያጠብቃል። አውልቀው ካስቀመጡት ሁለት ቀን ገደማ ሠርቶ ይቆማል። ሰው እጅ ላይ ካልሆነ አይኖርም ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ እንመለስበታለን።

አያታችን ሰዓቱን ያስተካከሉት በሀገራችን አቆጣጠር ነበር። ብዙ ሰው በፈረንጅ ሰዓት አድርጎ የቆጣሪውን ተቃራኒ እያየ ያነባል፤ እሳቸው ግን «ጧት አንድ ሰዓት አንድ ነው» ብለው አንድ ላይ አደረጉት። በዚህም የተነሣ የቀኑ ቁጥር የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነበር፤ ልክ የእኛ ቀን በሚጀምርበት። ቀኑም በእኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። ጃፓኖች ግን ወር ሁሉ ሠላሳ ቀን የሆነበት ሀገር አለ ብለው አላሰቡም፤ ስለዚህ ወር ባለቀ ቁጥር ሰዓቱ 31 ይላል። አያታችን ያንን 31 በጣታቸው ያሳልፉታል። ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ ሃያ ምናምን ቀን በተርታ ይገፋሉ። ያውም ከጧቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሰዓቱ ቀኑን በሚለውጥበት ጊዜ ቁልፉን ቢያዞሩት ጥርሱ እንደሚጎዳ ያውቁ ነበር። ልጆች ሳለን በእንቁጣጣሽ ረፋድ ላይ ይህን ሲያደርጉ እያየን፣ ዓመቱን የሚለውጡት እሳቸው ይመስሉን ነበር።

አያታችን ካረፉ በኋላ አክስታችን ሰዓቱን በመሐረብ ጠቀለለችው። ቡፌው ውስጥ ከሲኒዎቹ ኋላ አስቀመጠችው። «የአባቴ ነው፤ እንዳትነኩት!» አለች። ሰባት ዓመት ማንም አልነካውም። ለእኛ የተሰጠን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ነው፤ ተመርቆ፣ ተለቅሶበት። ስንወዘውዘው አንድ ደቂቃ ያህል ሄደና ቆመ። እኛስ ምን አደረግን? ፎቶ አነሣነው! «የአያቴ ሰዓት» ብለን ለጓደኞቻችን አሳየን፤ ጓደኞቻችንም «አቤት ቅርስ!» አሉን። ከዚያ ወደ መሳቢያ ገባ። ከቡፌ ወደ መሳቢያ! አክስታችንን ለመውቀስ አፋችንን ስናሾል የእኛ ጥፋት ከእሷ የባሰ መሆኑ አልታየንም። እሷ እንኳ ፍቅር ነበራት፤ እኛ ግን ስንፍና ብቻ።

በመጨረሻ ወደ አንድ ሱቅ ወሰድነው። ባለ ሱቁ ክዳኑን ሳይከፍት ጆሮው ላይ አደረገና «ይሄማ አልቆለታል» አለን። «ማሽኑን አውጥተን የባትሪ ማሽን እንክተትበት። ፊቱ ያው ነው። አካሉን ሞርደን፣ ፊቱን ቀለም ቀብተን አዲስ እናስመስለዋለን። ማን ያያል?» ዋጋውም ርካሽ ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ «እሺ» ልንል አፋችንን ከፍተን ነበር። ያዳነን ዕውቀት አይደለም። «የድሮውን ማሽን ይመልሱልናል?» ብለን ስንጠይቅ ፊቱ ተለዋወጠና «ምን ያደርግላችኋል?» አለን። ሰዓቱን ይዘን ወጣን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው እኛ ልንሆን ጥቂት ነበር የቀረን።

ወንድሞችና እኅቶች! ይህች «ማን ያያል?» የምትባለው ነገር የአንድ ባለ ሱቅ ጥፋት ብቻ ብትሆን ይህን ጽሑፍ ባልጻፍነው። ግን በዚህ ግቢ ውስጥ ያደገች ፍልስፍና ናት። የመመረቂያ ጽሑፉን ሌላ ሰው ጽፎለት ሽፋኑ ላይ ስሙን የሚለጥፈው ተማሪ ምን እያደረገ ነው? ፊቱ የእሱ፣ ማሽኑ የሌላ! እዚሁ መጽሔት ላይ ከአንዱ ገጣሚ ቤት ከሌላው ገጣሚ ስንኝ ለቅመን «ግጥም» እያልን የምናቀርበውስ? ሰዓቱን የማወቅ መብት የሌለን ያህል፣ ክዳኑን ሳንከፍት «አልቆለታል» እንላለን። የአባቶቻችንን መጽሐፍ ሳናነብ «ጊዜው ያለፈበት» የምንለውም እኛው ነን፤ ሳናነብ «ቅርሳችን» እያልን የምንፎክረውም እኛው ነን።

«እድገትን ትቃወማላችሁ ወይ?» የሚለን ይኖራል። አንቃወምም። በባትሪ የሚሠራውን የመጀመሪያውን የኳርትዝ እጅ ሰዓት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1969 ለገበያ ያቀረበው ያው ሴኮ ነው። ያ ሰዓት የስዊስን ሰዓት ሠሪዎች አናጋ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ 90 ሺህ ይጠጋ የነበረው ሠራተኛቸው በ1980ዎቹ ወደ 30 ሺህ ገደማ ወረደ። ከጊዜ በኋላም ርካሽና ትክክለኛ ሰዓት ለድኻው ሁሉ አዳረሰ። ይህ መልካም ነገር ነው። የባትሪ ሰዓት የሚፈልግ የባትሪ ሰዓት ይግዛ። በሟች ልብስ ሌላ ሰው አልብሶ «አያቴ ናቸው» ማለት ግን እድገት አይባልም።

ሁለተኛው ሠራተኛ ሽማግሌ ናቸው። ቀድሞ ፒያሳ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ የመስታወት ሣጥናቸውን ይዘው ሌላ ሰፈር አንድ ደረጃ ሥር ተቀመጡ። ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ክዳኑን ከፈቱትና ብዙ ቆዩ።

«ስንት ዓመት ተቀመጠ?»

«ሰባት ዓመት፣ ጋሼ።»

«ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ሌላ ምንም አልሆነም። ማን አስቀምጡት አላችሁ?»

መልስ አልነበረንም።

ሥራውን ቁጭ ብለን አየን፤ ማየት ለሚፈልግ አይከለክሉም። ማሽኑን ብሎን በብሎን ፈቱት። ብሎኑ የሰሊጥ ፍሬ አያህልም። እያንዳንዱን ጥርስ በቤንዚን አጠቡ፤ በአየር አደረቁ። የመዘውሮቹ ዘንግ የሚቀመጠው ቀያይ ድንጋዮች ላይ ነው፤ ብረት ብረትን እንዳይበላው። እነዚያን ድንጋዮች በመርፌ ጫፍ ባነሡት ዘይት አንድ በአንድ ነኳቸው። ብዙ ዘይት እንደ ጥቂቱ ሁሉ ጠላት ነው፤ ይፈስና አቧራ ይሰበስባል። አቧራና የደረቀ ዘይት ሲገናኙ እንደ ሞረድ ሆነው ዘንጉን ይልጉታል፤ በየጥቂት ዓመቱ ማስጠረግ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ከሁሉ በኋላ ከፀጉር የቀጠነችውን ጥቅል ሞላ በወረንጦ ይዘው ወደ ቦታዋ መለሷት። ነፍስ ዘራ። በሰዓት 21,600 ጊዜ፣ በቀን 518,400 ጊዜ ይመታል። አያታችን ይህን ሁሉ ምት እጃቸው ላይ ይዘው ነበር ፊደል ያስቆጠሩት።

አካሉን ይሞርዱልን እንደሆነ ጠየቅናቸው። «ይሄ ጭረት የማን ነው?» አሉን። የአያታችን ነው አልን። «እንግዲያው ለምን አጠፋዋለሁ? ሞረድ ብረቱን ይበላል፤ የተበላ አይመለስም።» ከዚያ እሳቸው ጠየቁን።

«ምንድነው የምትማሩት?»

«ሥነ ጽሑፍ።»

«ጥሩ ነው» አሉና ዝም አሉ።

እኛም የሚማርልዎ ልጅ አለ ወይ አልናቸው። «ማን ይቀመጣል ብላችሁ ነው?» አሉን። ይህን ስንሰማ ያፈርነው እኛ ነን። ምክንያቱም ከመካከላችን አንድም «እኔ እቀመጣለሁ» የሚል የለም። «ሰዓት ሠሪ ነኝ» ብሎ ሽማግሌ የሚልክ ጎረምሳ ምን እንደሚባል እናውቃለን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። አንጥረኛውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያሉ ማዋረድ ተከለከለ። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ዛሬ ስድቡን ተምረን ትተነዋል፤ ንቀቱን ግን ከነማሽኑ ወርሰነዋል። ይህ ውርስ ብቻ ነው መቼም ያልቆመው! ስለ ሠርቶ አደሩ ድርሰት እንጽፋለን፤ ሠርቶ አደሩ ደረጃ ሥር ተቀምጦ ዋጋውን ሲነግረን ግን «ለትንሽ ዘይት ይሄ ሁሉ?» ብለን እንከራከራለን። እኛም ተከራክረናል። የከፈልነው የአንድ ሳምንት ምሳ ነው፤ ላየነው ሥራ ያንሳል።

የቀሩትን ተቃውሞዎች ባጭሩ እንመልስ። «ስልክ እያለ ሰዓት ለምን?» ስልኩ ይበልጣል፤ አንክድም። የእኛ ሰዓት በቀን ሃያ ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ሰዓት ለማወቅ ብቻ ከሆነ ስልካችሁን እዩ። «ሕዝብ በኑሮ ውድነት ሲጠበስ ስለ ሰዓት ማልቀስ ንዑስ ከበርቴያዊ ናፍቆት ነው» የሚለንም አይጠፋም። እሱስ ቢሆን የሰበረውን መጠገን የማያውቅ ሕዝብ ሁልጊዜ አዲስ ሲሸምት የሚኖር መሆኑን አላሰበበትም። የድኻ ቤት በጥገና ነው የሚኖር፤ ያባቶቻችን ሸሚዝ ኮሌታው እየተገለበጠ መለበሱን ረሳን እንዴ?

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። የቡፌውን በር ክፈቱ። ሰዓትም ይሁን ሬዲዮ፣ ሲንጀርም ይሁን ክራር፣ የቆመውን አውጡና ወደ ባለ እጅ ውሰዱ። «ማሽኑን እንለውጠው» የሚላችሁን ክዳኑን ከፍቶ ምክንያቱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። የተቀየረ ዕቃ ካለ አሮጌውን ተቀበሉ። ፊቱን አታስቀቡ፤ አካሉን አታስሞርዱ። ሲሠራ ቁጭ ብላችሁ እዩ፤ ዋጋውንም ክፈሉ። ከዚያ እሰሩት። ቀደም ብለን አንባቢ ይያዝልን ያልነው ነጥብ ይኸው ነው፤ እጅ ላይ ያልዋለ አይሞላም።

ሰዓቱን ለአክስታችን ወስደን አሳየናት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። «ታዲያ በፈረንጅ ነው ያደረጋችሁት?» አለችን። በአባትሽ ነው አልናት። ጳጉሜን ስታልቅ ቀኑን የምንገፋው እኛ ነን፤ ከጧቱ ሦስት ሰዓት በኋላ።

የሚቃወመን ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ገጹ ክፍት ነው።