ከደብተሩ በፊት ሥዕሉ

በየትምህርት ቤቱ ድርሰት ሲታዘዝ ከሁሉ አስቀድሞ ሰሌዳው ላይ የሚሰፍረው «መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ» የሚለው ነው። ልጁ የሚያወጋው ነገር ምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ባዶ ገጽ ላይ አፍጦ ሲቀር ግን «ይህ ልጅ ምናብ የለውም» ይባላል። ፍርዱ ሐሰት ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ለዚህ ምስክር ነው። ክረምት ሲገባ የሚያገሳው የአቃቂ ወንዝ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰውና ዛሬ ባቡር የማይሄድበት አሮጌው ሐዲድ፣ ከፋብሪካ ፈረቃ የሚመለሱ ወላጆች ይዘውት የሚገቡት ወሬ፣ ይህ ሁሉ ለአካባቢው ልጅ ስንቅ ነው። ማታ በቤቱ ይህንኑ በኦሮምኛ አሳምሮ የተረከ ልጅ፣ ጠዋት በአማርኛ ጻፍ ሲባል አንደበቱ ይታሰራል። ታሪኩ አልጠፋበትም፤ ፊደልና ሰዋስው ቀድመው በሩን ያዙበት እንጂ።

ስለዚህ ወረቀቱ አስቀድሞ ለስድስት ይታጠፍ። በእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ድርጊት ብቻ ይሣል፤ ሰውም በአምስት ጭረት ከቆመ ይበቃል። ወንዝ ስለ ወሰደው ጥጃ ሊተርክ የተነሣ ልጅ እንደ ተለመደው «ጠዋት ተነሣሁ፣ ፊቴን ታጠብሁ፣ ቁርሴን በላሁ» ብሎ ይጀምራል። በደብተር ቢሆን ይህ ግማሽ ገጽ ሞልቶ ያስመሰግነው ነበር። እዚህ ግን ከስድስቱ ሳጥን ሦስቱ አልቀው ጥጃው ገና አልታየም! ማንም ሳይቆጣው ሦስቱን ቀዶ ይጥላል፤ ወንዙን ወደ ፊት ያመጣል። ማሳጠር ምን እንደሆነ የሚገባው ያን ጊዜ ነው፤ ስንት ጸሐፌ ተውኔት ሳይገባው አርጅቷል።

«የፈረንጅ መጫወቻ ነው» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ የፊልም ታሪክ በተከታታይ ሥዕል ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ይታቀድ ነበር። ዳሩ ግን የኢትዮጵያ ሠዓሊ የንግሥተ ሳባን ታሪክ ዘንዶው ከሚገደልበት አንሥቶ በ44 ሳጥን ሲደረድር፣ ማንበብ የማይችለውም ተመልካች ከሳጥን ወደ ሳጥን እየተሻገረ ሲከተለው ኖሯል። የራስን ሀብት በፈረንጅ እጅ ሲያዩት መሸሽ ግብዝነት ነው።

«ሥዕል የለመደ ልጅ ለመጻፍ ይሰንፋል» የሚለው ክስ ግን ይከብዳል። መምህሩ ለሥዕሉ ውበት ነጥብ የሰጠ፣ ወይም ሳጥኖቹን ራሱ አስምሮ «ይህን እዚህ፣ ያን እዚያ» ያለ እንደሆነ፣ በእርግጥም ያው መግቢያና ሐተታ ቀለም ተቀብቶ ተመለሰ ማለት ነው። ሳጥኑ የሚረባው ልጁ አስቀድሞ በቃሉ፣ በሚቀናው ቋንቋ፣ ታሪኩን ለጓደኛው ከተረከ በኋላ ነው። ጽሕፈቱም ሥዕሉ ካቃተው ቦታ ይጀምራል፦ ጥጃውን እንዲጠብቅ የታዘዘው ማን ነበር? ባዶ እጁን ሲገባ እናቱ ምን አለችው? በሦስተኛውና በአራተኛው ሳጥን መካከል ስንት ሰዓት አለፈ?

60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለም የሚል መምህር ይኖራል። ያው መምህር ቅዳሜ ቤቱ ተቀምጦ «ጠዋት ተነሣሁ፣ ፊቴን ታጠብሁ» የሚል 60 ደብተር ሲያርም ይውላል።